ቡላሌን የዘለለው ሰው

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ከሙቀት ብዛት ነጥቶ፣ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ የተነሣው ነፋስ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ይደበድብ ነበር።

አጎቴ አደር ሰማታር በበረንዳው ጥላ ተቀምጦ ጆንያ ይሰፋል። እኔ ከጎኑ ተንበርክኬ ሲባጎ እገምድለታለሁ። ከመንገዱ በኩል ባዶ ጣሳ እየመታ የሚመጣ አዋጅ ነጋሪ ተሰማ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሶማልኛ፣ በመጨረሻ በኦሮምኛ ጮኸ። ሦስቱንም ቋንቋ እሰማ ነበር፤ ከሦስቱም የገባኝ ግን «ዓርብ» እና «ከጸሎት በኋላ» የሚለው ብቻ ነው። የሰማታር መርፌ ጆንያው ውስጥ ግማሽ ገብታ ቆመች።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ስብሰባ አለ ነው የሚለው።»

«አንተም ትሄዳለህ?»

«እኔ ጆንያ አለኝ» አለና መርፌዋን ሳባት።

እናቴ ዑግባድ ከውስጥ ወጣች። በዚያ ወር ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነበር ከበር የሚወጣው። «ፋርሒያ፣ በሩን ዝጊ፤ መቀርቀሪያውንም አድርጊ» አለችኝ። ለአቧራው መሰለኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሂርሲ ጌዲ ከባቡር ጣቢያ እስከ ቀፊራ ገበያ እህልና ጨው የሚያመላልሱ ሁለት የፈረስ ጋሪዎች ነበሩት፤ በሰፈራችንም ቃሉ ከሚሰማ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። ሰማታር ወደ ቤታችን የመጣው ከሦስት ወር በፊት፣ የጠረፉ ውጊያ በተነሣ ሰሞን ነው። የመጣውም በአባቴ ጋሪ፣ በባዶ ጆንያዎች ሥር ተኝቶ ነው። አባቴ ጆንያዎቹን ግቢ ውስጥ አንድ በአንድ ሲያነሣ አንድ ረጅም ሰው ከሥራቸው ብቅ ሲል፣ እኔን ለማሣቅ ያዘጋጁት ጨዋታ መስሎኝ አጨበጨብኩ። ማንም አልሣቀም።

«የአጎቴ የፋራሕ ልጅ ነው» አለ አባቴ። «አደር በዪው።» በእኛ ቋንቋ በአባት ወገን ያለ አጎት አደር ይባላል።

የሰማታር ግንባር ሁለት ቀለም ነበረው፤ ከላይ በኩል ፈዛዛ፣ ከቅንድቡ በላይ ካለች ቀጭን መስመር ወደታች ፀሐይ ያከሰለው። እንደዚያ ሆኖ የተወለደ ሰው መሰለኝ። የወታደር ቆብ የሚጥለውን ምልክት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ በሌሎች ሰዎች ግንባር ላይ አይቼ ነው።

አባቴ በዚያ ቀን በጊዜ ገባ። ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው መጋረጃውን ጣሉ። ሲባጎዬን ይዤ መጋረጃው ሥር ተቀመጥኩ።

«ወረቀት የሌለው ሁሉ ይመለሳል ነው የሚሉት» አለች እናቴ። «ከመለሱት ደግሞ ግድግዳ ሥር ያቆሙታል። ወገኖቹ ራሳቸው ያቆሙታል።»

«አውቃለሁ።»

«አንተንስ? ደብቀሃል ብለው ቢወስዱህ፣ እኔ በዚህ ሆዴ ወዴት ልሂድ?»

«አውቃለሁ አልኩሽ፣ ዑግባድ።»

ግድግዳ ሥር መቆምን እኔም አውቀው ነበር። በቁርኣን ቤታችን ትምህርቱን ያልያዘ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስከ ቀትር ይቆማል። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜአለሁ። ከግድግዳው የኖራ ሽታ ሌላ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም፤ ሐፍረቱ ግን ያቃጥላል። ሰማታር በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ቁመቱ፣ በሰው ፊት ግድግዳ ሥር ሲቆም ታየኝና አዘንኩለት።

ነገሩን የተረዳሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰማታር ከድንበር ማዶ በነበረው ጦር ውስጥ ወታደር ነበር። ከአንድ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ በነበሩ ሰዎች ላይ ተኩስ ሲባል ጠመንጃውን አስቀምጦ ሌሊት ሌሊት እየሄደ ወደዚህ መጣ። በማዶ ከዳተኛ ነው፤ እዚህ ደግሞ ያለ ፈቃድ የገባ የጠላት ወታደር። አባቴ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ጨው አድርሶ ባዶ ሲመለስ ከመልካ ጀብዱ መንደር ወዲህ መንገድ ዳር ወድቆ አገኘው፤ ውኃ ሰጠው፤ ውኃ የሰጡትን ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ትቶ መሄድ አልሆነለትም።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ከቀፊራ አጠገብ ባለው የእህል መመዘኛ ሜዳ ሰዉ ተሰበሰበ። የከተማው ሹም በሮቃው ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠ። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር፤ በየመካከሉ በነጭ መሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶቹ በመጋዘኑ ግድግዳ በኩል፣ እኔ ደግሞ በአባቴ ጋሪ ላይ ሆነን እናያለን።

«ጠረፉ ሰላም አይደለም» አለ ሹሙ። «በዚህ ከተማ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው አለ። መንግሥት በማን ቤት ማን እንዳደረ ማወቅ አለበት። ከረቡዕ ጀምሮ ወረቀት የሌለው ወደመጣበት ይመለሳል።»

አስተርጓሚው ኑርቶ ተነሥቶ ይህንኑ በሶማልኛ ተናገረ፤ ከሹሙ ቃል ሦስት እጥፍ አስረዘመው።

«አንተ ኑርቶ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ሰውዬው አንድ እፍኝ ነው የሰጠህ፤ የቀረውን ቁና ከየት አመጣኸው?»

«የሹም ቃል በባዶ እጅ አይቀርብም፤ በሰሃን ነው» አለ ኑርቶ። ሰዉ ሣቀ። ሹሙ ለምን እንደሣቁ ጠየቀ፤ ኑርቶ በአንድ ቃል መለሰለት፤ ሰዉ ይበልጥ ሣቀ።

ሣቁን ያቆመው ጨርቅ ነጋዴው መሐሙድ ነው። ሲነሣ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ምክንያቱን ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ወላሂ እኔ ማንንም አልጠላም» አለ። «የወንድሜ መኪና በጅጅጋ መንገድ ፈንጂ ረግጣ እሱንና ሁለት ረዳቶቹን በልታለች። አርባውን ካወጣሁ ገና ሳምንቴ ነው። ያንን ፈንጂ የቀበረው ሰው የት አደረ? ሰማይ ላይ አላደረም። ከአንዳችን ቤት አድሮ፣ ሻያችንን ጠጥቶ፣ መርቀነው ነው የሄደው። ቤቴን ማታ የምቆልፈው ጎረቤቴን ጠልቼ ነው? ሕጉ ዛሬ ካልጠበቀን ነገ ማንን ሊጠብቅ ነው?»

ከሴቶቹ መካከል የግመል ወተት የምትሸጠው ኢስታር የወተት ዕቃዋን እንደታቀፈች ወደፊት መጣች።

«መሐሙድ፣ አላህ ያጽናህ። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው» አለችና ወደ ሹሙ ዞረች። እኛ ድሬዎች ሹምንም ፈረስንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ኑርቶ ግን ገና ሳትጀምር ግንባሩን ያዘ። «ስማ አንተ ሰውዬ። ግመሌ በበጋ ሣር የምትበላው ማዶ ነው። ውኃ የምትጠጣው እዚህ ነው። ወተቷን ዛሬ ጧት የጠጣኸው ደግሞ አንተ ነህ፤ በረኛህ ከእኔ ነው የገዛልህ። እንግዲህ ከግመሌም፣ ከእኔም፣ ከአንተ ሆድም ያለ ፈቃድ የገባው የቱ ነው?»

ሜዳው በሣቅ ተናወጠ። ሹሙም ፈገግ አለ። «ወተቱ ፈቃድ አለው» አለ፤ ሣቁ እስኪበርድ ጠብቆም ጨመረበት፤ «ሰውየው ግን የለውም።»

በዚያን ጊዜ አባቴ ተነሣ።

«ሕግ ይከበር» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ በአማርኛ። «መሐሙድ የተናገረው እውነት ነው። ያልታወቀ ሰው ይሂድ። ነገር ግን ጌታዬ፣ ወረቀት ካሉ ከዚህ ሜዳ ላይ የሚተርፍ የለም። አያቴ ባቡሩ ሳይመጣ እዚህ ወንዝ ከብት ያጠጣ ነበር፤ እኔ የልጅ ልጁ ግን ወረቀት የለኝም። የእኛ ወረቀት አፋችን ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ ጀምሮ እስከ ነገዱ አባት ድረስ ይቁጠር፤ ሽማግሌ ይስማው። የቆጠረ የእኛ ነው። ያልቆጠረ ይሂድ።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ለማያውቀው ሰው የመሰከረ ደግሞ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሂድ።»

ሹሙ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አንጋፋ ወደነበሩት ወደ ሃሺ ዞረ። ሃሺ የምርኩዛቸውን አናት በሁለት እጃቸው ይዘው አባቴን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሂርሲ ጥሩ ተናግሯል» አሉ። «ገመድ ግን ሁለት ጫፍ አለው።»

ስለጋሪው ገመድ የሚያወሩ መሰለኝ፤ ዞሬ አየሁት፤ በደንብ ታስሯል። ሹሙ «ይሁን፤ ረቡዕ ይቁጠሩ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ሲመለከት እኔ በጋሪው ላይ ቁመት ጨመርኩ። ሕግን ለሹም ያስተማረ አባት አለኝ ብዬ ነው የተመለስኩት። አባቴ በዚያ ቀን ያደረገው ግን ሌላ ነበር፤ በሩ ሁሉ ሊዘጋ ሲል፣ ቁልፉ በእጁ ያለውን አንዱን በር ብቻ ክፍት እንዲተዉለት ለመነ። ለማሳመንም በመጨረሻዋ ቃል ራሱን አሰረ።

የአያቶቼን ስም ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቅ ነበር። ይህ በቤታችን ለወንድ ልጅ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረ ለእኔ ተሰጠ። «ወንድም እስኪመጣልሽ ድረስ አደራው አንቺ ጋ ይቀመጥ» ነበር ያለኝ አባቴ።

ቅዳሜ ጧት ጋሪውን ሳይጭን በፊት ጠራኝ። «ዛሬ ከሰማታር አጠገብ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። ነገም እንደዚሁ።»

«ለምን?»

«ሥራው እንዳይሰለቸው።»

ቆጠርኩ። ሰማታር እየሰፋ ከኋላዬ ይከተላል። የእኔና የእሱ መንገድ የሚገናኘው ሮብሌ ላይ ነበር፤ ከእኔ በኩል ሂርሲ ጌዲ ሮብሌ፣ ከእሱ በኩል ፋራሕ ሮብሌ። ከሮብሌ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ነው። ትልቅ ሰው የገዛ አያቶቹን እንዴት እንደረሳ ገርሞኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ሳስበው ግን ልጅ ሆኖ አስተማሪ አልነበረውም ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ስለዚህ አስተማሪው ሆንኩ።

«ስምህ ማነው?» አልኩት፣ እንደ ቁርኣን ቤታችን መዓሊም ዐይኔን አጥብቤ።

«ሰማታር ሊባን።»

በሲባጎው ጫፍ እጁን መታሁት። «ተሳሳትክ! ፋራሕ!»

እጁን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «እውነትሽን ነው» አለ። «ፋራሕ።»

ሊባን አባቱ ነበር።

ለስሞቹ ዘዴ አበጀ። በጆንያው ጠርዝ ላይ ለያንዳንዱ ስም አንድ ስፌት ይሰፋል፤ ፋራሕ፣ ሮብሌ፣ ዓዋሌ፣ ጉሌድ፣ ዒጋል፣ ሒልዲድ። ሰባተኛው ስፌት ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይቆማል።

«ቡላሌ» እለዋለሁ።

«ቡላሌ። ይህ ቡላሌ ምን በድዬው ነው የሚሸሸኝ?»

«አንተ ነህ የምትሸሸው። ከመጀመሪያው ጀምር!»

«እሺ መዓሊም። ብቻ አትግረፊኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ፋርሒያ ብሎ አልጠራኝም። መዓሊም ሆንኩ። ከተቀደደ ጆንያ ለቁርኣን ሰሌዳዬ ማኅደር ሰፋልኝ፤ ማንገቻውን በድርብ ሲባጎ አጠነከረው። ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ አሥራ አራቱንም ያለ ስሕተት ከቆጠረ በኋላ፣ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ጠየቀኝ።

«መዓሊም፣ አንድ ሰው ሁለት የአያት ሐረግ ሊኖረው ይችላል?»

«አይችልም። አንዱ ውሸት ነው።»

«የሚያድነው ውሸቱ ቢሆንስ?»

ይህ ከቁርኣን ቤት ጥያቄ ወጥቶብኝ ሲባጎዬን መገመድ ቀጠልኩ። እሱም አልደገመውም።

ማክሰኞ አባቴ ራሱ ተቀምጦ ሰማው። ሁለት ጊዜ ሙሉ ቆጠረ። በሦስተኛው ሒልዲድ ካለ በኋላ ወዓይስ አለ። አባቴ ዐይኑን ጨፈነ። እኔ ወዲያው «ቡላሌ!» አልኩ፤ ሰማታር ሣቀ፤ አባቴ አልሣቀም። በቤታችን ልማዱ እንዲህ ነበር። የሚነበብ ቁርኣንም ሆነ የሚቆጠር የአያት ስም ሲሳሳት የሰማ ሁሉ፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ጮክ ብሎ ያርማል። መዓሊማችን በየጧቱ «ስሕተት ሰምቶ ዝም ያለ ከተሳሳተው ይብሳል» ይሉን ነበር። የተሳሳተው ልጅ ጓደኛው ካረመው ግድግዳ ሥር አይቆምም፤ ካላረመው ይቆማል። አባቴ በዚያች ማታ ለሰማታር ሁሉን ነገር ነገረው፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ምን ብሎ ይነግረኛል? ለስምንት ዓመት ልጅ አፍሽን ዝጊ ማለት አፏን መክፈት እንደሆነ አስቦ ይሆናል።

ረቡዕ ቤተሰብ በሙሉ ይቅረብ ተባለ። ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳው ሞልቷል። ሹሙ ፊት ጠረጴዛ ቀርቧል፤ በጠረጴዛው ላይ መዝገብና ማኅተም አለ። ከሮቃው ባሻገር ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሟል፤ እህል ሊጭን የመጣ መሰለኝ። በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወታደሮች አጠገባቸው ቆመዋል። ከአራቱ አንዱ ጢሙን ሂና የቀባ ሽማግሌ ነበር።

«እነሱ ምን ሆነው ነው?» አልኳት እናቴን።

«መቁጠር አልቻሉም» አለች።

እንግዲህ ግድግዳው ይህ ነው። እጄን በሰማታር እጅ ውስጥ አስገባሁ።

ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ተብታባ ነው። እያንዳንዱን አያት ሦስት ሦስት ጊዜ እየጠራ ሲሄድ ኑርቶ አላስችል ብሎት «ጌታዬ፣ ይህ ሰው እንደሌላው አሥራ አራት አያት የለውም፤ አርባ ሁለት ነው ያለው» አለ። ሹሙ ሣቀ፤ ማኅተሙን መታለት። ሜዳው ትንሽ ተነፈሰ። ቀጥሎ የእኛ ስም ተጠራ።

አባቴ ቆመ። እናቴ ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና ከጎኑ ቆመች። ጸሐፊው አነበበ፤ «ሂርሲ ጌዲ። ሚስቱ ዑግባድ። ልጁ ፋርሒያ። የአጎቱ ልጅ ሰማታር ፋራሕ።»

«ይቁጠር» አለ ሹሙ።

ሰማታር እጄን ለቀቀ። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዶ ቆመ፤ እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን በጎኑ አውርዶ። እንደዚያ ሲቆም አይቼው አላውቅም ነበር። ሹሙ መነጽሩን አስተካክሎ ተመለከተው።

«ሰማታር። ፋራሕ። ሮብሌ። ዓዋሌ። ጉሌድ። ዒጋል። ሒልዲድ።» ቆመ። «ወዓይስ» አለ፤ ቀጠለም።

ጸሐፊው ይጽፋል። ኑርቶ እያንዳንዱን ስም ይደግማል። ሃሺ የምርኩዛቸውን አናት ይመለከታሉ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ሰማታር እስከ ነገዱ አባት ድረስ ቆጥሮ ጨረሰ። ሹሙ ወደ ሃሺ አየ፤ ሃሺ አንገታቸውን ወደ ታች ነቀነቁ። ሹሙ ማኅተሙን አነሣ።

ማንም አላረመውም። ይህን ሁሉ ሽማግሌ አየሁ፤ አንዱም አልሰማም። አሁን ሹሙ መዝገቡን ሲመለከት ስሕተቱን ያገኝበታል፤ ከዚያም ግድግዳ ሥር ያስቀምጠዋል ብዬ ፈራሁ።

ካደግሁ በኋላ፣ ሃሺ ከመሞታቸው በፊት ቤታቸው ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኩ ሰው ነኝ» አሉኝ። «ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሰምተናል።»

በዚያ ረቡዕ ግን እኔ «ቡላሌ!» አልኩ።

ድምፄ በሜዳው ላይ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር። የሹሙ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ሒልዲድ ቡላሌ፣ ቡላሌ ወዓይስ» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ሹሙ እንዲገባው። «ቡላሌን ዘለለው። ግን ያውቀዋል፤ ትናንት ብሎታል።»

ሹሙ በመነጽሩ ላይ ተመለከተኝና ፈገግ አለ። የልብ ፈገግታ ነበር፤ ልጆች የነበሩት ሰው መሰለኝ። «ነይ እስቲ ወደዚህ» አለ። ሄድኩ። «አንቺ ጎበዝ። ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«መልካም አባት ነው። አጎትሽንስ ማን አስተማረው?»

ኑርቶ እጁን አንሥቶ ሊገባ ፈለገ። የሚተረጎም ነገር ግን አልነበረም፤ የመንግሥት ተማሪ ቤት አማርኛዬ ከሁሉም የጠራ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አልኩ። «ቅዳሜ ስንጀምር አንዱንም አያውቅም ነበር። የአባቱን ስም እንኳ ይስት ነበር።»

ፈገግታው ከሹሙ ፊት የጠፋው በአንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ከዐይኑ ሄደ። ማኅተሙን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ ሂርሲ» አለ። «ይህ ሰው የአጎትህ ልጅ ነው?»

አባቴ አፉን ከፈተ። እናቴ የሸማውን ጫፍ ከኋላ ያዘች፤ ስትይዘው አይቻለሁ። ዓርብ ዕለት የተናገራት ቃል በሜዳው ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሂድ። እኔ በጠረጴዛውና በእነሱ መካከል ቆሜ፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ፣ ማጥፋቴን ግን ከጸጥታው አወቅሁ።

«እሱን አትጠይቁት» አለ ሰማታር። «አታልዬዋለሁ። ሲያገኘኝ የአጎትህ የፋራሕ ልጅ ነኝ አልኩት፤ አመነኝ። ከሕፃን ልጁ ስም ለቅሜ ልዋሻችሁ መጣሁ። ዘሬን ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ።»

ቆጠረ።

«ሰማታር። ሊባን። ጃማ። ሸርማርኬ። ዱዓሌ። ኩሎው...»

አንዱም ትክክል አልነበረም። ፈርቶ ሁሉም የጠፋበት መሰለኝ። «አይደለም» አልኩት በሹክሹክታ፤ «ፋራሕ ነው፣ ፋራሕ።» አልሰማኝም። ከአሥራ አራቱ አለፈ፤ ከሃያ አለፈ። ሳይቆም፣ ሳይውጥ፣ እንደሚዘንብ ዝናብ ይወርድለት ነበር። በመጨረሻዎቹ ስሞች ላይ የሃሺ ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮት ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሲጨርስ ኑርቶ ምንም አልተረጎመም።

«አቶ ሂርሲ» አለ ሹሙ። «አታሎሃል?»

አባቴ ሰማታርን አየው። ሰማታር አላየውም።

«አታሎኛል» አለ አባቴ።

ወታደሩ ሳይመጣ ሰማታር ራሱ ወደ ግድግዳው ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ መዳፉን አናቴ ላይ አሳረፈ። «መዓሊም፣ ከእንግዲህ ቡላሌን አልረሳም» አለኝ። እኔም ተጽናናሁ። ቅጣቱ እስከ ቀትር ነው፤ ከቀትር በኋላ ይለቁታል ብዬ አሰብኩ። ቤት ስንደርስ ምሳውን በሰሃን ከድኜ በበረንዳው ላይ፣ መርፌዋ ከተሰካችበት ጆንያ አጠገብ አስቀመጥኩለት። እናቴ አየችኝ፤ አላነሣችውም። ማታ ጉንዳን ወረሰው።

የጭነት መኪናው በሰባት ሰዓት በጅጅጋ መንገድ ሄዷል።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጨርቅ ነጋዴው መሐሙድ በራችንን አንኳኳ። ሱቁን ዘግቶ ጅጅጋ ሄዶ ነበር፤ ከዚያም እስከ ጠረፉ ኬላ ድረስ። ማንም አልላከውም። ከአባቴ ጋር በር ላይ ቆመው ተነጋገሩ። «እኔ የጠየቅሁት ሕግ ነበር፣ ሂርሲ» ሲል ሰማሁት፤ «ወላሂ ሕግ ብቻ ነበር።» አባቴ ግባ አላለውም። መሐሙድ ሲሄድ አባቴ ተመልሶ ጫማውን አወለቀ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ለዱዓ ከፈተ። እናቴ ጓዳ ገባች። እኔ መንገደኛ ሰላም እንዲገባ የሚጸልዩለት መሰለኝና አብሬ አሚን አልኩ። መሐሙድ በዚያ ቀን የነገረው፣ ሰማታርን በኬላው ካስረከቡት ማግሥት ጧት ማዶ ካለው የጦር ሰፈር ግድግዳ በኩል የተሰማውን ተኩስ ነው።

ወንድሜ የተወለደው በሰኔ ነው። አባቴ በቀኝ ጆሮው አዛን አለለት፤ ዓብዲ ብሎ ስም አወጣለት። አደራዬን የማስረክብበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። አምስት ዓመት ሲሞላው በበረንዳው ጥላ አስቀመጥኩትና «ስምህ ማነው?» አልኩት።

«ዓብዲ ሂርሲ።»

«ቀጥል።»

«ጌዲ።»

«ከዚያስ?»

አባቴ ከውስጥ ወጣ። በእጁ የፈረሱን ልጓም ይዞ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንንም ተመለከተን።

«ተዪው» አለኝ።

ወንድሜ ዓብዲ ከጌዲ በላይ ያሉትን አያቶቹን ስም አያውቅም።